ውሃ አይቆጠርም

ሰው ሥራውን በአንድ ቃል መናገር ያቃተው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። በእኛ ጊዜ አንድ ወጣት «ምን ትሠራለህ?» ሲባል መልሱ አጭር ነበር፤ አስተማሪ ነኝ፣ ሹፌር ነኝ፣ ግንበኛ ነኝ፣ ሥራ ፈት ነኝ። ሥራ ፈቱ እንኳ ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚናገረው። በቀደም ከእኛ በታች ያለውን የጎረቤት ልጅ ደረጃ ላይ አግኝቼ «አሁን ምን ላይ ነህ?» ብለው ሩብ ሰዓት ያህል ቆሞ አስረዳኝ፤ እኔም ሩብ ሰዓት ያህል ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማሁት፤ ስንለያይ የገባኝ ነገር ቢኖር ልጁ ኮምፒውተር ያለው መሆኑ ብቻ ነው። እናንተን ይገባችሁ እንደሆነ እንጃ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ። ፋይል ይመጣል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ሲጠፋ እኔ እጠየቃለሁ። ሥራ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ይህን የምለው አርጅቶ ዘመንን ማማረር ስለሚጣፍጥ ብቻ አይደለም። እርግጥ ይጣፍጣል። ግን ዋናው ጉዳዬ ሌላ ነው፤ አንዲት ልጄን ሊያገባ የፈለገ ወጣት ሥራው ምን እንደሆነ ለመረዳት ስል በዚህ ዕድሜዬ የገባሁበትን መዘዝ ላጫውታችሁ ነው።

ልጄ ማህሌት ትባላለች። ፋርማሲስት ናት፤ ይህም በአንድ ቃል ስለሚነገር ደስ ይለኛል። ግንቦት ውስጥ በአንዱ እሁድ፣ እኔ፣ ባለቤቴ አስካለና እሷ ምሳ ላይ ሳለን፣ «አባዬ፣ የዛሬ ሳምንት ሽማግሌ ይመጣል» አለችኝ። ልጁን አውቀዋለሁ። ናሆም ይባላል። ሁለት ጊዜ ቤታችን መጥቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አውርቶ የሄደ ጨዋ ልጅ ነው። ሆቴል እንደሚሠራ ሰምቼ ስለነበር በልቤ ሒሳብ ክፍል አስገብቼው፣ ወንበርና ጠረጴዛ ሰጥቼው፣ ከዚያ ወዲህ አላሰብኩበትም ነበር። ያን ቀን ግን ሽማግሌ የሚባል ነገር ሲመጣ በወጉ ጠየቅሁ።

«መጠጥ ይቀምማል» አለችኝ።

«አሳላፊ ነው?» አይደለም። «ባሬስታ ነው?» እሱም አይደለም። «ታዲያ ጠማቂ ነው?» ብላት፣ መጠጡ ተጠምቆ፣ ታሽጎ፣ በጠርሙስ ሆኖ እንደሚመጣና የእሱ ሥራ መቀላቀል እንደሆነ አስረዳችኝ። ማን ቀላቅልልኝ እንዳለው ግን ልታስረዳኝ አልቻለችም። ጂኑ ለብቻው ጂን ነው፤ ሎሚው ለብቻው ሎሚ ነው። ሁለቱን ለማገናኘት ሰው ኮሌጅ ገብቶ ዲፕሎማ ይይዛል ብትሉኝ ከእኔ ይልቅ የምትስቁት እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ ለሚስቴ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ። የልጁ ሥራ አልገባኝም ማለቴ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ በጣም ስለገባኝ ነው። እናቴ ወርቄ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አሁን እኔ ከምኖርበት የልደታ ኮንዶሚኒየም በእግር ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጌጃ ሰፈር ውስጥ አረቄ ትሸጥ ነበር። የሎሚ አረቄ። አባቴን አላውቀውም። የተማርኩት በአረቄ፣ የለበስኩት በአረቄ፣ ደብተሬም አረቄ አረቄ ይሸት ነበር፤ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ አፍንጫውን ይዞ ሲስቅብኝ አድጌያለሁ። ሥራ ስቀጠር ፎርሙ ላይ «የእናት ሥራ» በሚለው መስመር «የቤት እመቤት» ብዬ ጻፍኩ። ይህ አንድ። አስካለን ሳጫት «እናቴ ነጋዴ ነበረች» አልኳት። ይህ ሁለት። ወርቄ ያን ጊዜ ሞታ ስለነበር የሚመሰክርብኝ አልነበረም። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባል የለ? እኔ ፈረስም አጥቼ ዝም ያልኩ በቅሎ ነበርኩ።

ስለዚህ ልጄን ከመጠጥ ጋር ለሚውል ሰው ላለመስጠት ቆረጥኩ። አፍ አውጥቶ «አልሰጥም» ማለት ግን ነውር ነው። መላው ይታወቃል፤ ሽማግሌ ሲመጣ «ቤተ ዘመድ ልማከር» ይባላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ በቀጠሮው ሲመጡ ደግሞ አንድ አጎት ከገጠር ይቀርና ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ የሽማግሌዎቹ ጉልበት ያልቃል። እኛ የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ፎቁ ለእኔ እንደሚያግዘኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

ማህሌት ግን ሐሳቤን ከፊቴ ላይ አነበበችው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «አባዬ፣ አንተ ካልፈቀድክ ናሆምን አላገባም» አለችኝ። ደስ ሲለኝ፣ «ሌላም ሰው ግን አላገባም» ብላ ጨመረችበት። ማህሌት ያለችውን የምታደርግ ልጅ ናት፤ በዚህ በዚህ ወደ ወርቄ ነው የሄደችው። ከዚያ ከቦርሳዋ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በናሆም እጅ የተጻፈ የአንድ መጠጥ አሠራር ነው። «አንድ ጊዜ ራስህ ሠርተህ እየው። ከዚያ በኋላ ብትንቀው አልቀየምህም» አለችኝ።

ስድስት ቀን ወረቀቱን እያየሁ አለፍኩት። ቅዳሜ ዕለት አስካለ አብነት ሰፈር ለቅሶ ልትደርስ ወጣች፣ ማህሌትም ሥራ ገባች፣ እኔም ቤቱ ጭር ሲልልኝ መነጽሬን አድርጌ ኩሽና ገባሁ። ለመናቅም ቢሆን ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የመዝገብ ቤት ሰው ያለ ማስረጃ አይንቅም።

ጂኑ ችግር አልነበረም። ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ሁለት ነገር ሰጥተውኛል፤ አንድ ጋቢና አንድ ጠርሙስ ጂን። ጋቢው ለማርጀቴ፣ ጂኑ ለመጽናኛዬ ይሁን አልገባኝም። ጋቢውን ለበስኩት፤ ጂኑ ሦስት ዓመት ቡፌ ውስጥ እንደታሸገ ቆሞ ነበር። ግራ መጋባቱ የጀመረው ወረቀቱ ላይ ነው። «የጠጅ ሳር ሽሮፕ» ይላል። በእኛ ቤት ሽሮፕ ማለት ሳል ሲይዘን ማህሌት ከፋርማሲ የምታመጣልን ቀይ ነገር ነው። ለመጠጥ የሳል መድኃኒት የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ እያሰላሰልኩ ወደ ታች ሳነብ፣ ስኳርና ውሃ እኩል ለኩል አፍልቶ፣ ጠጅ ሳርና የሎሚ ልጣጭ ጨምሮ፣ አቀዝቅዞ ማጥለል ማለት መሆኑ ተገለጸልኝ። ታዲያ «የስኳር ውሃ» ቢለው ምን ነበረበት? ሰው ዲፕሎማ ሲይዝ ውሃውንም ስም ያወጣለታል።

ቀጥሎ «ጂን ስድሳ ሚሊ፣ የሎሚ ጭማቂ ሠላሳ ሚሊ፣ ሽሮፕ ሃያ ሚሊ» ይላል። ሚሊ የሚለካ ነገር ቤታችን ውስጥ ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት ያንኑ የሳል ሽሮፕ ክዳን ነው። እሺ፣ በእሱ እንለካለን። ግን ይህ ሁሉ ስንት ሰው ያጠጣል ብዬ ሳሰላው የአንድ ሰው ነው። እዚህ ላይ ወረቀቱን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ለአንድ ሰው ተብሎ የሚሠራ ነገር የት አገር አለ? ቡና እንኳ ለአንድ ሰው ሲፈላ ያየ ጎረቤት «ምን ነካቸው?» ይላል። ብቻውን የሚጠጣ ሰው ደግሞ ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። ስለዚህ ሁሉንም በአሥር አባዛሁት። በሳል ሽሮፕ ክዳን የአሥር ሰው ጂን መለካት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ቁጥር ስሰጥ የኖርኩ ሰው ሃያ ሦስተኛው ክዳን ላይ ቁጥሩ ጠፋኝ። ከዚያ በኋላ በዓይኔ ለካሁ። ዓይኔ ቸር ነው፤ ጠርሙሱ ሥር የቀረው አንድ ጣት ያህል ነበር።

አሁን ወደ ሎሚው ልምጣ። ወረቀቱ ልጣጩን የፈላው ውሃ ውስጥ ጨምር ይላል። እኔም ልጨምር ብዬ ልጣጩን አነሳሁ። እጄ ግን አልታዘዘኝም። ልጣጩን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጎ፣ ስኳር ነስንሶ፣ በጣቶቹ ማሸት ጀመረ። እኔ ቆሜ አየዋለሁ። ወርቄ እንደዚህ ነበር የምታደርገው። ልጣጩን በስኳር ታሽና በጨርቅ ሸፍና ትተወዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ሲገለጥ ልጣጩ አልቦት፣ ስኳሩ ረጥቦ፣ ሽታው መንገድ ላይ ይወጣል። «ሎሚን በእሳት አታስፈራራው፣ በእጅህ ለምነው» ትለኝ ነበር። እኔ ይህን ነገር አላስታውስም ብዬ የማልኩ ሰው ነኝ። እጄ ግን ለካ አልማለም።

እኔም እንደሷ በጨርቅ ሸፍኜ ቆይቼ ስገልጠው ኩሽናው ወርቄን ወርቄን ሸተተኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሎሚ ነው አልኩ። ሎሚ ግን ዓይኔ ውስጥ አልገባም። እናቴን ናፍቄያት ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የናፈቅኋትን ሴት ለማንም ሳላወራ ኖሬ፣ ስኳር ላይ አገኘኋት።

የቀረው «በረዶ ጨምሮ በደንብ ይናጥ» የሚለው ነው። የማውቀው የሚናጥ ነገር ወተት ነው። የመናጫ ዕቃ ስላልነበረኝ የሻይ ፔርሙዙን አጥቤ፣ ሁሉንም ከነበረዶው በየተራ እየሞላሁ፣ ክዳኑን በሁለት እጄ ይዤ ናጥኩት። በመስኮት ያየኝ ጎረቤት ካለ ምን ብሎ እንዳሰበ እሱ ይወቀው። «ከላይ ጋዝ ያለው ውሃ» ይላል መጨረሻው፤ ጋዝ ያለውም ስላልነበረኝ ጋዝ የሌለውን ጨመርኩ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ቀድቼ ተቀመጥኩና ቀመስኩ።

ጣፈጠኝ።

በጣም ነው የከፋኝ። ልንቀው ነበር እኮ የሠራሁት። የጂኑ ምሬት የት እንደገባ እንጃ፤ ሎሚው ከፊት ይመጣል፣ ጠጅ ሳሩ ከኋላ ይከተላል፣ በመሐል የሚያቀዘቅዝ ነገር በጉሮሮ ይወርዳል። ብርጭቆውን ጨርሼ፣ የተረፈውን በትልቁ ጆግ አድርጌ፣ በሳህን ከድኜ ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁት። መጠጥ መድፋት አልችልም፤ የአረቄ ሻጭ ልጅ ነኝ አላልኳችሁም? ከዚያ የናሆምን ወረቀት ገልብጬ፣ ሐሳቤ ሳይለወጥ ቶሎ ብዬ፣ ለነገ የምናገረውን ጻፍኩ። «የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ ቤተ ዘመድ ሳልማከር...» እያለ የሚቀጥል፣ በፋይል ቋንቋ የተጻፈ ጥሩ ንግግር ነበር። አጥፌ ኮት ኪሴ ከተትኩት። ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን ሽሮፕ የወለወልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህችን ያዙልኝ።

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። የግንቦት ፀሐይ አናት ይበሳል። ሦስት ናቸው። ትልቁ ጋሽ ተክሌ ይባላሉ፣ የናሆም አያት ወንድም፣ ሰማንያ ዓመት የዘለሉ የድሮ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሁለተኛው አቶ ፍቃዱ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር የነበሩ፣ ሲናገሩ አንቀጽ የሚጠቅሱ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ስማቸውን እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ዝም ያሉ ሰው ነበሩ። ማህሌት መኝታ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋለች። ፎቁ እንደተማመንኩበት ሥራውን ሠርቶልኝ፣ ጋሽ ተክሌ ሲገቡ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ከዘራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊዜ በራሴ አፈርኩ።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አልኩ። «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ አቶ ፍቃዱ። ወጉ ነው። ሽማግሌ መልስ ሳይሰጠው አይቀመጥም፣ የቤቱንም እህል ውሃ አይቀምስም። ከቀመሰማ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። አስካለ ግን ጋሽ ተክሌን እያየች አላስቻላትም። «ኧረ በእናታችሁ፣ ውሃ እንኳ ይጠጡ። ውሃ አይቆጠርም» አለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ውሃ ይቆጠራል አይቆጠርም በሚለው ላይ እዚያው ቆመው በሹክሹክታ ተመካከሩ። በመጨረሻ አቶ ፍቃዱ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ውሃ ለጠላትም ይሰጣል። አይቆጠርም» ሲሉ ወሰኑ፤ አስካለም ወደ ኩሽና ሄደች።

ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀናችን ነበር። በጀሪካን ያጠራቀምነው ለዕቃ ማጠቢያ እንጂ ለእንግዳ አይሆንም። አስካለ ፍሪጁን ስትከፍት አንድ ጆግ ሙሉ የቀዘቀዘ የሎሚ ውሃ አገኘች። ትናንት ከለቅሶ ስትመለስ ቆሻሻው ውስጥ የሎሚ ቅርፊት ተከምሮ አይታለች። ባሌ ለካ ለእንግዶቹ አስቦ ኖሯል ብላ ልቧ ቀልጦ፣ ጆጉን በትሪ ከብርጭቆ ጋር ይዛ ወጣች። እኔ ኪሴን እየዳበስኩ ወረቀቴን ስፈልግ ቆይቼ ቀና ስል፣ ጆጉን ያወቅሁት የመጀመሪያው ብርጭቆ ጋሽ ተክሌ ከንፈር ላይ ሲደርስ ነው።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? «አይጠጡ፣ ጂን ነው» እንዳልል፣ ሽማግሌን በጂን የሚቀበል ቤት ልባል ነው። ብርጭቆውን እንዳልነጥቅ፣ ከጠማው አዛውንት አፍ ላይ መንጠቅ ነው። ዝም እንዳልል፣ ዝም ማለት ማታለል ነው። ሦስቱን ሳመዛዝን ብርጭቆው ባዶ ሆነ። ጋሽ ተክሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ብርጭቆውን መልሰው ዘረጉት። «አንድ ያጣላል» እያለች አስካለ ለሁሉም ደገመች። ዝም ያሉት ሰውዬ ሲደገምላቸው ብርጭቆውን ከእጃቸው አላወረዱትም፤ ለሦስተኛው እዚያው ይዘው ጠበቁ።

አቶ ፍቃዱ ንግግራቸውን ጀመሩ። «እኛ እዚህ የቆምነው...» አሉና ቆሙ። ለምን እንደቆሙ የጠፋቸው መሰለኝ። ክራቫታቸውን ላላ አድርገው እንደገና ጀመሩ፤ በሁለተኛው ተሳክቶላቸው ልጅዎን ለልጃችን ይስጡልን፣ ልጃችንንም ልጅዎ ያድርጉልን ብለው ጨረሱ። ተራው የእኔ ነው። ወረቀቴን አወጣሁ። አልከፈት አለኝ። ሽሮፑ አጣብቆታል። በጥፍሬ ብሞክር፣ ጥግ ጥጉን ብል፣ «የተከበራችሁ» የሚለው ብቻ ተቀዶ በእጄ ቀረ። «የተከበራችሁ» አልኩና ቀና አልኩ። ቀጥሎ የሚመጣው ወረቀቱ ውስጥ ነው።

ይህን ጊዜ ጋሽ ተክሌ ከወረቀቱም ከእኔም ጋር ጉዳይ እንደሌላቸው ሁሉ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው እያዩ፣ «ይህን ማን ነው የበጠበጠው?» ብለው ጠየቁ።

«እሱ ነው፣ በገዛ እጁ» አለች አስካለ፤ ኩራቷ ሌላ ነበር።

«ልጣጩ በስኳር የታሸ ነው» አሉ ጋሽ ተክሌ። «ይህን አያያዝ የማውቀው አንድ ቤት ብቻ ነው። እዚሁ ጌጃ ሰፈር፣ ወርቄ ቤት።» ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ። «ወርቄን ታውቃት ነበር?»

የማህሌት በር ትንሽ ሲከፈት አየሁ። ሁለት ጊዜ ክጃታለሁ፤ ይህ ሦስተኛው ነው። ከእኛ በላይ ያሉት ጎረቤቶች በረንዳ ላይ ከፋሲካ የተረፈ አውራ ዶሮ አለ፤ እሱ እስኪጮህ መጠበቅ አልፈለግሁም።

«እናቴ ናት» አልኩ።

አስካለንም ማህሌትንም ማየት አቃተኝ፤ ትሪውን ነበር የማየው። ጋሽ ተክሌ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና፣ ማንም ሳይላቸው፣ ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። «ሦስተኛ አትሸጥልንም ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለት ከጠጣህ በኋላ ብትለምናት፣ ብትቆጣት፣ አትቀዳልህም። ‹ልጆችህ እየጠበቁህ ነው፣ ሂድ› ብላ በሩን ታሳይሃለች። በሷ የተነሳ ነው እኔ ቤቴ በጊዜ እየገባሁ ልጆች ያሳደግሁት። ‹የኔ ልጅ መንግሥት መሥሪያ ቤት ይገባል› ትለን ነበር፤ አንተ ነህ ለካ።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ከአረቄው ሽታ ስሸሽ የኖርኩ ሰው በር ላይ ምን እንደምትል ቆሜ ሰምቼ አላውቅም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚሉት በእኔ ደረሰ።

አቶ ፍቃዱ ነገሩ ከእጃቸው እንዳያመልጥ ፈጠን ብለው ጣታቸውን አነሱ። «ይህ መጠጥ ምን አለው?» ብለው ጠየቁኝ። ጂን እንዳለው ነገርኳቸው። ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። «መልካም። ውሃ አይቆጠርም ብለን ነው የጠጣነው። ውሃ ሆኖ ካልተገኘ ግን ተቆጥሯል። በዚህ ቤት ጠጥተናል፤ ጠጥተን ደግሞ ጋሽ ተክሌ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ልጅቱ ተሰጥታለች።»

«ሦስት ጊዜ ነው የጠጣነው» አሉ ዝም ያሉት ሰውዬ። ያን ቀን የተናገሩት ይህንኑ ብቻ ነው።

ምን ልበል? የመጠጥ ቀማሚ አልፈልግም እንዳልል፣ የቀመምኩት እኔ ነኝ። ጣቶቼ ገና ሎሚ ሎሚ ይሸታሉ። «እንግዲያስ ቁጭ በሉ» አልኩ። ሁሉም ተቀምጠው ነበር። ማህሌት ከመኝታ ቤት ወጥታ ከሁሉም ፊት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ምን እንዳለችኝ ግን ለእናንተ አይነገርም።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አስካለ ብርጭቆ ስትሰበስብ አጠገቧ ቆሜ «ስለ እናቴ ሳልነግርሽ በመቅረቴ...» ብዬ ጀመርኩ። «አክስትህ በሠርጋችን ቀን ነግራኛለች» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። ታዲያ ሠላሳ ዓመት ምነው ዝም አልሽ ብላት፣ «ያንተ ነው ብዬ ነዋ። ስትፈልግ ትነግረኛለህ አልኩ» ብላ ትሪውን አስያዘችኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። እኔ ሠላሳ ዓመት ከማን ስደበቅ እንደኖርኩ እስካሁን አልገባኝም።

በማግስቱ ማህሌት ነገሩን ሁሉ ለናሆም አወራችለት። ልጁ በዚያው ሳምንት መጥቶ ልጣጭ እንዴት እንደሚታሽ ያሳዩኝ አለኝ። ዲፕሎማ ያለው ሰው እኔ አጠገብ እጅጌውን ሰብስቦ ቆሞ ተማረ። ለአንድ ሰው መሥራቱን ግን ይቅር አላልኩትም፤ እሱም በአሥር ማባዛቴን ይቅር አላለኝም። በዚህ ተቻችለን እንኖራለን።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ እኔና አስካለን የሚሠራበት ሆቴል ጋበዘን። የሚቀመጥበት ወንበር ከፍ ያለ፣ መብራቱ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። አንዲት ትሁት ልጅ የመጠጥ ዝርዝር አምጥታ ሰጠችን። መነጽሬን አድርጌ ከላይ ወደ ታች ሳነብ አብዛኛው አልገባኝም፤ እንደ ልማዴ ራሴን እየነቀነቅሁ ወረድኩ። ከታች ሁለተኛው መስመር ላይ ግን ቆምኩ። «ወርቄ» ይላል። ሥሩ በትንሹ፦ ጂን፣ በስኳር የታሸ ሎሚ፣ ጠጅ ሳር። ይህን ሁሉ ዓመት የደበቅሁትን ስም ልጁ ሰው ሁሉ በሚያነበው ላይ ጽፎታል። አስካለ እጄን ያዘችኝ። እኔም ጣቴን ስሙ ላይ አድርጌ «ይቺን» አልኳት አስተናጋጇን።

«ጥሩ ምርጫ ነው አባባ» አለችኝ፤ ከዚያ ሽማግሌ መሆኔን አይታ ልትጠነቀቅልኝ መሰለኝ፣ ጎንበስ ብላ «ወርቄ ምን እንደሆነች ግን ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እናቴ ናት» አልኳት።

ልጅቱ ግራ ገባት። ዝርዝሩን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ዝርዝሩን አየች። ለማስረዳት ደግሞ ሩብ ሰዓት አይበቃም ነበር።